እንስሳቱም ለሕጉ መልስ አላቸው፦ ዝግመተ ለውጥና የእንስሳት ባህሪ ለብዝኃ ሕይወት ፖሊሲ ምን ይጠቅማሉ?

በብዙ አገሮች የዓሣ ማስገር ሕግ ውስጥ የማይጠፋ አንድ አንቀጽ አለ። ትንሹን ዓሣ ልቀቅ፣ ትልቁን ውሰድ ይላል። ምክንያቱ አያከራክርም። ትንሹ ገና አልተራባም። ቢያንስ አንዴ እንቁላል ይጣልና ከዚያ ይያዝ ነው ነገሩ። ይህን ሰምቶ የሚቃወም ሰው ማግኘት ይቸግራል።

እስቲ ያንኑ ሕግ ከዓሣው ወገን ሆነን እንየው። ቶሎ የሚያድገው ዓሣ ቶሎ ከወሰኑ ያልፋል፤ ቶሎም መረብ ውስጥ ይገባል። ቀጭጮ የሚቀረውና በልጅነቱ እንቁላል የሚጥለው ግን ሳይያዝ ዘሩን ይተካል። ልዩነቱ በከፊልም ቢሆን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ባሕሩን የሚሞሉት እነማን እንደሆኑ መገመት አያቅትም። ምርጥ ምርጡን ኮርማ እያረደ ኮስማናውን ለዘር የሚያስቀር ከብት አርቢ ቢኖር ጎረቤቱ ምን ይለው ነበር? ሕጉ በዓሣው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሚሊዮን ዓመታትና የዳይኖሰር አጥንት ነው። ሥራውን ለመጀመር ግን ያን ያህል ጊዜ አይጠብቅም። እንስሳቱ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ይወረሳል፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የበለጠ ይወልዳሉ። እነዚህ ካሉ በቂ ነው። መራጩ ድርቅ ሊሆን ይችላል፤ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መንግሥት ያወጣው ደንብም ሊሆን ይችላል።

የብዝኃ ሕይወት ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚነሳው። ስንት ቀሩ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ያሳስታል። የቀሩት የትኞቹ ናቸው? ማን ከማን ይወልዳል? የሚያውቁትን ከማን ተማሩት? ዝግመተ ለውጥን የሚያጠኑ ሰዎች፣ እንዲሁም እንስሳት በአካባቢያቸው ውስጥ ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ የሚመረምሩት የባህሪ ሥነ ምህዳር ባለሙያዎች፣ ዕድሜያቸውን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ይጨርሳሉ። መልሶቻቸው ግን ወደ ፖሊሲው ጠረጴዛ የሚደርሱት አልፎ አልፎ ነው። ሲደርሱ ምን እንደሚፈጠር፣ ሳይደርሱ ሲቀሩስ ምን እንደሚመጣ በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓሣው እንቀጥል። ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ወዲያ ያለው ባሕር ለዘመናት በኮድ ዓሣ የታወቀ ነበር። በጁላይ 1992 ዓሣው ሊያልቅ በመድረሱ መንግሥት ማስገሩን አገደ። 30 ሺህ የሚሆን ሰው ባንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። እገዳው ለጥቂት ዓመት ይቆያል ተብሎ ነበር። ሦስት አሥርት ዓመት አልፎ በ2024 ነው የተነሳው።

በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ወደ ኋላ ሄዶ መዝገብ አገላበጠ። ዓሣው ከማለቁ በፊት በነበሩት ዓመታት ኮዶቹ ከቀድሞው ባነሰ ዕድሜና ባነሰ መጠን ለመራባት ይደርሱ ነበር። ማለትም ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው። እርግጥ ዓሣ በምግብ ወይም በውሃ ሙቀት ምክንያትም ቶሎ ሊደርስ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት ሞክረው፣ የቀረው ለውጥ የዘር ምልክት አለው ብለው ጻፉ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው የቆዩ የኮድ ናሙናዎችን ዘረመል ከዛሬዎቹ ጋር አነጻጸሩ። ትልቅ የዘረመል ለውጥም ሆነ የዘረመል ብዝኃነት መመናመን አላገኙም። ምናልባት ለውጡ በብዙ ጂኖች ላይ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ተበትኗል፤ ምናልባትም ከዘር ይልቅ ከአካባቢ የመጣው ያመዝናል። ሁለተኛው ከሆነ ደስ ይላል፤ መመለስ ይቻላልና።

ክርክሩ በየትኛውም በኩል ይለቅ፣ ትልቆቹን እናቶች መጨረስ ኪሳራ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ስሌት አለ። በ2018 በታተመ ጥናት አንዲት 30 ኪሎ የምትመዝን ኮድ የምትጥለው እንቁላል፣ ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ 28 እናቶች ተደምረው ከሚጥሉት ይበልጣል። ሃያ ስምንቱ በሚዛን 56 ኪሎ ናቸው። የማስገር ኮታ የሚሰላው ግን በቶን ነው። በቶን ሲታይ ደግሞ አንድ ኪሎ ያው አንድ ኪሎ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዱ መላ ከታችም ከላይም ወሰን ማድረግ ነው። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ሬድ ድረም የተባለውን ዓሣ ይዞ ለመሄድ ርዝመቱ ከ18 እስከ 27 ኢንች መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ወደ ውሃው ይመለሳል። መንጠቆ ይዞ ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ነው። በመርከብ ለሚጎተት መረብ ግን አይሠራም። መረቡ ትንሹን ያሾልካል እንጂ ትልቁን መርጦ አይለቅም። እዚያ የሚያዋጣው ከናካቴው የማይሰገርበት የባሕር ክልል አስቀርቶ፣ ትልቆቹ በሰላም እንዲያረጁ መተው ነው። ወረቀት ላይ የሚያምር ደንብ በየመሣሪያው ዓይነት እየተፈተሸ ካልወጣ ዋጋ የለውም።

ምድር ላይም ታሪኩ ይደገማል። ሞዛምቢክ ከ1977 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በጎሮንጎሳ ፓርክ ዝሆኖች ለጥርሳቸው ሲባል ታደኑ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አለቁ። ጥርስ የሌላት ዝሆን ግን ለአዳኙ አትረባውም። ከጦርነቱ በፊት ከሴቶቹ 18.5 በመቶ የሚሆኑት ጥርስ አልነበራቸውም። በኋላ 50.9 በመቶ ሆኑ። በ2021 የታተመው ጥናት ነገሩ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ካለ ጂን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ይህን ጂን የወረሰ ወንድ ፅንስ ሳይወለድ ይሞታል። ስለዚህ ጥርስ የሌላቸው እናቶች የሚወልዷቸው ሴቶቹ ይበዛሉ። ዝሆን በጥርሱ ውሃ ፍለጋ ይቆፍራል፣ የዛፍ ልጣጭ ይልጣል፤ ከእሱ ቆፈራ የሚጠቀም ሌላ ፍጥረትም ብዙ ነው። አደኑ ቆመ፣ ቁጥሩም እያንሰራራ ነው። ያንሰራራው መንጋ ግን የቀድሞው መንጋ አይደለም። የቆጠራ ሠንጠረዥ ይህን የሚያሳይ ዓምድ የለውም።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ምሳሌ እንሂድ። አንበሳ።

የእንስት አንበሶች ቡድን ከጥቂት ወንዶች ጋር ይኖራል። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ናቸው። የእነሱ ዋና ሥራ ሌሎች ወንዶችን ማባረር ነው። አንድ ቀን አቅም ሲያንሳቸው ባዕድ ወንዶች መጥተው ቦታውን ይነጥቃሉ። አዲሶቹ መጀመሪያ ከሚያደርጉት ነገር አንዱ ደቦሎቹን መግደል ነው። ለእኛ ጭካኔ ነው። ለእነሱ ግን ስሌት አለው። እናት ልጅ እያሳደገች ሁለት ዓመት ገደማ አታረግዝም። ልጆቿ ከሞቱ ቶሎ ለመፀነስ ትመለሳለች። ቦታውን የነጠቀው ወንድ ደግሞ የንግሥና ዘመኑ አጭር ስለሆነ መጠበቅ አያዋጣውም።

አሁን የአደን ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። ኮታው ላይ «አንድ ወንድ አንበሳ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ወንድ በጥይት ሲወድቅ ወንድሙ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረው ይሸነፋል። ባዕዶቹ ይገባሉ፤ ደቦሎቹ ያልቃሉ። በመዝገቡ ላይ አንድ ተብሎ የተጻፈው ሞት በሜዳው ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ይህን የባህሪ እውቀት ያልያዘ ኮታ ከጅምሩ የተሳሳተ ሒሳብ ነው።

በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ ይዘው የሠሩ ተመራማሪዎች በ2004 አንድ ደስ የሚል ነገር አገኙ። የሚታደኑት ወንዶች ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በላይ የሆኑት ብቻ ከሆኑ፣ የኮታው መጠን እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ያ ወንድ ቢያንስ አንድ ዙር ልጆች አሳድጎ ጨርሷል። ስለዚህ «ስንት ይታደን?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ዓመት የሆነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

ግን የአንበሳ ዕድሜ ከሩቅ እንዴት ይታወቃል? በአፍንጫው ነው። ደቦል ሲሆን አፍንጫው ሮዝ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነጠብጣቡ እየሰፋ ይሄዳል። ከግማሽ በላይ ከጠቆረ አንበሳው ጎልምሷል ማለት ነው። ጥሩ መነጽር ላለው ሰው የሚታይ ምልክት ነው። የሞዛምቢኩ ኒያሳ ጥበቃ ክልልና ታንዛኒያ የስድስት ዓመት ገደብ አወጡ። ኒያሳ ላይ ደግሞ የሚታደነው አንበሳ ዕድሜ ነጥብ ይሰጠዋል። ልጅ አንበሳ የገደለ የአደን ድርጅት ለሚቀጥለው ዓመት ኮታው ይቀነስበታል። እኔን የገረመኝ ይህ ክፍል ነው። ሕጉ የአንበሳውን ባህሪ ብቻ ሳይሆን የአዳኙንም ባህሪ አስልቷል።

ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። የአፍንጫው አጠቋቆር ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ስለዚህ ከጋማና ከጥርስ ጋር አብሮ መታየት አለበት። አንበሳ ለመዝናኛ መታደን አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄም ይህ ሳይንስ አይመልስም። ያ የሕሊናና የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ሳይንሱ የሚለው፣ ፈቃድ የምትሰጡ ከሆነ ደቦሎቹን አብራችሁ እንዳትገድሉ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጉዳቱ የሚመጣው በደግነት ነው። ካካፖ የኒው ዚላንድ በቀቀን ነው፤ መብረር አይችልም፤ በሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ ከበቀቀኖች ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። በ1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ። ጠባቂዎቹ ሴቶቹ ቶሎ ቶሎ እንዲወልዱ ተጨማሪ ምግብ ያቀርቡላቸው ጀመር። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግን ወንዶቹ በዙ። ሴት ለጠፋበት ዝርያ ይህ መርዶ ነው።

መልሱ በ1973 ከተጻፈ አንድ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ተገኘ። ሮበርት ትሪቨርስና ዳን ዊላርድ የጻፉት ነው። ካካፖ ወንዶች ሌሊት ቦታ ይዘው በጥልቅ ድምፅ እየጮኹ ሴት ይጠራሉ። ጥቂት ጠንካሮች ብዙ ሴት ያገኛሉ፤ ብዙዎቹ ምንም አያገኙም። ሴት ልጅ ግን ደካማም ብትሆን ትወልዳለች። ስለዚህ የደላት እናት ጠንካራ ወንድ ልጅ ብትወልድ የልጅ ልጆቿ ይበዛሉ። ያልደላት እናት ሴት ብትወልድ ይሻላታል። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው ይህን ነው፤ ምግብ ያጠገቧቸው ካካፖዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጠባቂዎቹ አመጋገቡን ቀየሩ። እናቶቹ ለመራባት የሚበቃቸውን ያህል ይበሉ፣ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ግን እንዳይወፍሩ ተደረገ። በ2002 የመራቢያ ወቅት 24 ጫጩቶች አደጉ፤ የወንዶቹ ብልጫም ጠፋ። ከጥበቃ ሥራ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል የወረቀት ላይ ሐሳብ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በአንድ ደሴት ላይ የምግብ ሳህን መጠን ወሰነ።

እንስሳ የሚኖረው በምልክት ነው። ምልክቱ ለሺህ ዓመታት ትክክል ነበር። እኛ ስንመጣ ምልክቱ ይቀራል፤ ትርጉሙ ይለወጣል። ከእንቁላል የወጣች የባሕር ኤሊ በሌሊት ወደ ደመቀው አድማስ ትሮጣለች። ድሮ የደመቀው ባሕሩ ነበር። አሁን ሆቴሉ ነው። በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ብዙ አውራጃዎችና ከተሞች ለዚህ ነው የመብራት ደንብ ያወጡት፦ መብራቱ ዝቅ ይበል፣ ወደ ባሕሩ አይዙር፣ ቀለሙም ወደ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ያዘንብል። ኤሊዎቹ ያን ቀለም ብዙም አይከተሉትም። በውሃ ላይ እንቁላል የሚጥሉ አንዳንድ ነፍሳት ደግሞ ውሃን የሚለዩት በሚያንጸባርቀው ብርሃን አኳኋን ነው። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ያንኑ ብርሃን ከውሃው ይበልጥ አድርጎ ያንጸባርቃል፤ ነፍሳቱም እዚያው ላይ ይጥላሉ። ሰሌዳው ላይ ነጭ መስመሮች ሲሰመሩ ግን ይርቁታል። እንደዚህ ያለው መፍትሔ ርካሽ ነው። የሚጎድለው ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እስካሁን ያወራነው በደም ስለሚወረስ ነገር ነበር። በትምህርት የሚተላለፍም አለ፤ እሱ ደግሞ በፖሊሲ ይበልጥ ይረሳል።

በ1993 በታንዛኒያው ታራንጊሬ ፓርክ ከባድ ድርቅ ነበር። አንዳንድ የዝሆን ቤተሰቦች ፓርኩን ለቅቀው ወጡ። አንዱ ቡድን እዚያው ቀረ። የወጡት ብዙ ግልገል አልሞተባቸውም፤ የቀረው ቡድን ተጎዳ። ልዩነቱ ምን ነበር? የወጡትን የመሩት አሮጊቶች ናቸው። ከ1958 እስከ 1961 የነበረውን ድርቅ ያዩ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ፤ ውሃ የት እንደተገኘ ሳያስታውሱ አልቀሩም። የቀረው ቡድን ደግሞ አሮጊቶቹን ቀደም ባሉት ዓመታት በሕገ ወጥ አደን ያጣ ነበር። በቆጠራ አንዲት አሮጊት ዝሆን አንድ ናት። ከእርሷ ጋር የሚጠፋውን በቁጥር መግለጽ አይቻልም።

ከሰሜን አሜሪካ ወፎች አንዱ፣ ሁፒንግ ክሬን የሚባለው ረጅም ነጭ ወፍ፣ በ1941 ወደ ሃያ አካባቢ ወርዶ ነበር። በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶች የፍልሰት መንገዳቸውን የሚያሳያቸው ወላጅ የላቸውም። ስለዚህ ከ2001 ጀምሮ አብራሪዎች በቀላል አውሮፕላን ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ እየመሩ ወሰዷቸው። ነገሩ ተረት ይመስላል፤ ግን ሆነ። የነዚህን ወፎች ጉዞ የተከታተለ የ2013 ጥናት እንዳሳየው፣ የሰባት ዓመት ወፍ ያለበት ቡድን የአንድ ዓመት ወፎች ብቻቸውን ከሚበሩበት ቡድን በ38 በመቶ ያነሰ ከቀጥታው መንገድ ይወጣል። መንገድ በዕድሜ ይማሩታል፤ ለታናሾቻቸውም ያሳያሉ። ወፎቹ መንገዱን ያዙ፤ ልጅ ማሳደግ ላይ ግን ደካማ ሆኑ። የአሜሪካ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን በ2016 በአውሮፕላን መምራቱ እንዲቆምና የሰው እጅ እንዲቀንስ ወሰነ። አንዱን ትምህርት በአውሮፕላን ማስተማር ተችሏል። ሌላውን አልተቻለም።

ይህን ጉዳይ ቀድሞ ወደ ዓለም አቀፍ ሰነድ ያስገባው የፍልሰተኛ እንስሳት ስምምነት ነው። በ2014 በኢኳዶሯ ኪቶ አባል አገራቱ የእንስሳትን «ባህል» ለጥበቃ ሲወስኑ ከግምት እንዲያስገቡ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በምሥራቅ ፓስፊክ የሚኖሩ ስፐርም ዌል የተባሉ ዓሣ ነባሪዎችንና በድንጋይ ፍሬ የሚሰብሩ የምዕራብ አፍሪካ ቺምፓንዚዎችን በተመለከተ የጋራ እርምጃ አጸደቁ። ዌሎቹ በሚያሰሙት ድምፅ ጎሣ ጎሣ ሆነው ይለያያሉ። አንዱ ጎሣ ከጠፋ የቀረው ጎሣ የእሱን እውቀት አይተካም፤ ምንም እንኳ ዝርያቸው አንድ ቢሆን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን በየፖሊሲው አይገባም? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። ሚኒስትር በምርጫ ዘመን ያስባል፤ ዝግመተ ለውጥ በትውልድ ነው የሚቆጥረው። ጉዳቱ ዛሬ ይዘራል፤ የሚታየው ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው። ሌላው ምክንያት የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ትልቁን ዓሣ መልስ የሚባለው አስጋሪ ዛሬ ይከስራል፤ ትርፉ ደግሞ ለሁሉም ነው። ይህን ሳይመልሱ አዋጅ ማውጣት ማጭበርበርን መጋበዝ ነው።

ጥፋቱ ግን በፖሊሲ አውጪው ብቻ አይላከክ። ተመራማሪውም አለበት። አንድ ቦታ ያየውን ለዓለም ሁሉ ይጠቀልላል። የአሜሪካውን የሎውስቶን ፓርክ ውሰዱ። በ1995ና በ1996 ከካናዳ የመጡ 31 ተኩላዎች ፓርኩ ውስጥ ተለቀቁ። ከዚያ አንድ የሚያምር ታሪክ ተሰራጨ፦ ተኩላ ሲመጣ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ፈራ፤ ሲፈራ ከወንዝ ዳር ራቀ፤ ዛፉ አደገ፤ ወንዙ ራሱ አቅጣጫውን አስተካከለ። ተኩላው መመለሱ እውነትም ብዙ ነገር ለውጧል። ለዓመታት የተካሄደ ሙከራ ግን ዛፎቹ በብዙ ቦታ እንደታሰበው እንዳልተመለሱ አሳየ። ተኩላው በሌለበት ዘመን ግድብ የሚሠሩት ቢቨሮች ጠፍተው ነበር፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ወርዷል። በዚህ ታሪክ ብቻ ተመርቶ ተኩላ ለቅቆ ወንዝ የሚጠብቅ አገር ያዝናል።

አሁን ወደ ገደለው እንግባ፤ ወደ ቁጥሩ። የፍሎሪዳ ፓንተር፣ ማለትም በፍሎሪዳ የሚኖረው ፑማ የተባለ ትልቅ የድመት ዘር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርቶ ነበር። ዘመድ ከዘመድ ተዋልዶ ጭራቸው ይቆለመማል፤ የወንዶቹ ቆለጥ አይወርድም፤ ልባቸው ቀዳዳ ያለበት ይወለዳሉ። ክልሉ ተከልሎላቸው ነበር፤ አደንም ተከልክሏል። ያም ሆኖ ወደ መጥፋቱ ያመሩ ነበር። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴት ፑማዎች መጡ። ዘራቸው ሊደባለቅ ነው፣ ጥበቃ የምናደርግለት እንስሳ ሌላ ሊሆን ነው የሚል ሙግት ነበር። ተደባለቀ። ጭራው ተቃና፤ ቁጥሩም ዛሬ ከ120 እስከ 230 ይገመታል።

በ1992 የጸደቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ብዝኃ ሕይወትን ሲተረጉም በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውንም ልዩነት ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ ግን በዚህ ረገድ የወጡት ግቦች ያተኮሩት በሰብልና በቤት እንስሳት ላይ ነበር። በዲሴምበር 2022 የጸደቀው የዚሁ ስምምነት የኩንሚንግ ሞንትሪያል ማዕቀፍ ይህን አሰፋው። የዱር ዝርያዎችም የዘረመል ብዝኃነት እንዲጠበቅ አለ። መለኪያም አስቀመጠ፦ ከአንድ ዝርያ ውስጥ ካሉት መንጋዎች ውጤታማ ብዛታቸው ከ500 የሚበልጠው ስንት እጅ ናቸው?

ውጤታማ ብዛት ማለት የራስ ቆጠራ አይደለም። ዘራቸው ለሚቀጥለው ትውልድ የሚደርስ ስንት ናቸው ለማለት ነው። ሺህ እንስሳ ኖሮ የሚያስረግዙት ወንዶች አሥር ብቻ ከሆኑ፣ የቀሩት ወንዶች ለዘሩ ላም አለኝ በሰማይ ናቸው። በአማካይ ውጤታማው ብዛት ከአዋቂዎቹ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ 500 ለማግኘት 5 ሺህ አዋቂ ያስፈልጋል። «መቶ ደርሰዋል፤ ተርፈዋል» የሚለው ዜና በዚህ ሚዛን ሲታይ ደስታው ይቀንሳል።

መለኪያው ላቦራቶሪ የግድ አይልም። በ2024 የታተመ የዘጠኝ አገሮች ሙከራ 919 ዝርያዎችን ያየው በአብዛኛው ቀድሞ ከተሰበሰበ የመስክ ቆጠራ ነው። ከዝርያዎቹ 58 በመቶ የሚሆኑት መንጋዎቻቸው የዘረመል ብዝኃነታቸውን ለማቆየት በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። ቀላል ሥራ ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ አሥረኛ የሚለው ስሌት ለሁሉም እኩል አይሠራም። ሚሊዮን እንቁላል የሚበትን፣ ጥቂቱ ብቻ የሚያድግለት የባሕር እንስሳ ውጤታማ ብዛቱ ከዚያ እጅግ ሊያንስ ይችላል። ወንድና ሴት ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩበት ዝርያ ደግሞ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አገራዊ ሪፖርቱን የሚሞላው ባለሙያ «5 ሺህ» የሚለውን ቁጥር ከመጻፉ በፊት፣ ያ እንስሳ እንዴት እንደሚጣመር የሚያውቅ ሰው ዘንድ መደወል አለበት።